ራስ የሚቋጥሩ አበቦችን በማሰሮና ከዘር ማሳደግ፦ ለጎጃም ጓሮና በረንዳ

በደብረ ማርቆስ የመጀመሪያውን የአማሪሊስ አበባ ራስ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለውን ሽንኩርት መሰል ክፍሉን፣ የተከልሁት ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነበር፤ የባልዲውን ታች መብሳት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ግንቦት ላይ ቅጠል አወጣ፣ ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ እኔም ውኃ ያነሰው መስሎኝ ጨመርሁበት። ነሐሴ ውስጥ ቅጠሉን ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ በእጄ ቀረ፤ ከሥር የነበረው ራስ እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ላሽቆ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ከሰጠችኝ ጎረቤቴ ሌላ ራስ ለምኜ፣ ታቹ በተበሳ የሸክላ ማሰሮ ተክዬ፣ የጣሪያ ጠፈጠፍ በማይደርስበት በረንዳ ላይ አስቀመጥሁት። ያ ተክል ዛሬም አለ፤ ልጆቹም ወደ አምስት ቤት ሄደዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሁለቱ ዓመታት መካከል ስለ ተለወጠው ነገር ነው፤ እሱም በአብዛኛው የውኃና የዕረፍት ጉዳይ ነው።

ራስና ሥር

ስንቁን በመሬት ውስጥ የሚቋጥር አበባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አማሪሊስና የዝናብ ሊሊ እንደ ሽንኩርት ንብርብር የሆነ ራስ አላቸው፤ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ኩርት ይሉታል። ግላዲዮለስም ከውጭ ሲያዩት ሽንኩርት ይመስላል፣ ሲሰነጥቁት ግን ንብርብር የለውም፤ ውስጡ ድፍን ነው፣ በየዓመቱም አሮጌው ራስ እየተሟጠጠ አዲሱ በላዩ ላይ ይሠራል። ዳህሊያ ደግሞ እንደ ስኳር ድንች ያበጡ ሥሮች አሉት። ይህን ልዩነት ማወቅ በተለይ የሚጠቅመው ተክሉን ለመከፋፈል ሲፈልጉ ነው። ድንች በገላው ሁሉ ላይ ዓይን ስላለው ቆራርጦ መትከል ይቻላል፤ የዳህሊያ ዓይን ግን የሚገኘው ሥሩ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገት ሳይዝ የተቆረጠ የዳህሊያ ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር ቡቃያ አይሰጥም፤ ገበያ ላይ ውፍረቱን ብቻ አይተው የገዙ ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ባዶ አፈር ሲያጠጡ አይቻለሁ።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ግን ነገር አለ። ቅጠላቸው አረንጓዴ እስከ ሆነ ድረስ ለሚመጣው ዓመት አበባ ስንቅ ይሰበስባሉ፤ ስንቁ ሲሞላ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ራሱም ይተኛል። በመራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል፤ የሽንኩርቱ አንገት ሲተኛ ውኃውን ያቆማሉ እንጂ «ቅጠሉ ደረቀ» ብለው አይጨምሩበትም። የአበባ ራስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉን ለመልክ ሲባል መቁረጥ የሚመጣውን ዓመት አበባ እንደ መቁረጥ ይቆጠራል፤ መቆረጥ ያለበት የደረቀው የአበባ ዘንግ ብቻ ነው።

የትኛው አበባ ለየትኛው አገር

ጎጃም በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አየሩ አንድ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አማሪሊስ በባሕር ዳርና በፍኖተ ሰላም ያለ ችግር ያብባል፤ በደብረ ማርቆስም ያብባል፣ ነገር ግን ይዘገያል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶችም ከውርጭ መጠበቅ አለበት። ግላዲዮለስና ዳህሊያ ከወይና ደጋ እስከ ደጋ ይስማማቸዋል። ፍሪዥያ የደጋ አበባ ነው፤ የአበባ እምቡጡን የሚያበጀው አፈሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ማለትም ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በመሆኑ፣ በባሕር ዳር የመጋቢት ሙቀት ቅጠል ብቻ ቢያወጣ ጥፋቱ የተካዩ አይደለም። ነጩ ካላ የሚባለው አበባ ከሁሉም በተለየ እርጥበትን ይታገሣል፤ በነገራችን ላይ የሳይንስ ስሙ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ቃል ቢይዝም፣ የትውልድ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። ጥንት የአውሮፓ ጸሐፊዎች ከግብፅ በታች ያለውን አህጉር በሙሉ በእኛ ስም ይጠሩ ስለ ነበር የቀረ አጠራር ነው።

ስለ ቱሊፕ የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሳይቋረጥ ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልቆየ አበባ አይሰጥም፤ የደጋችን ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ይህን አይተካም። በፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፣ ሆኖም በዚያው ፍሪጅ ፖም ወይም ሙዝ ካለ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ በራሱ ውስጥ ያለውን እምቡጥ ይገድለዋል። ሦስት ወር ሙሉ ፍሪጅ አስይዞ፣ በመብራት መቆራረጥ እየተሳቀቁ፣ ለአሥር ቀን አበባ መድከም ለእኔ ዋጋው አይመጣጠንም።

ማሰሮውና አፈሩ

የሸክላ ማሰሮ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ገላው ስለሚተነፍስ ትርፍ እርጥበት በጎኑ ይወጣል። በበጋ ቶሎ መድረቁ ግን እውነት ነው። ማሰሮውን ሲያዙ ሸክላ ሠሪዋ ከመተኮሷ በፊት ታቹን በአውራ ጣት ውፍረት እንድትበሳው መንገር ቀላሉ መንገድ ነው። የተተኮሰ ማሰሮ ከሆነ ግን ሌሊቱን በውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ በመዶሻ ሳይመቱ፣ ወፍራም ምስማርን በትዕግሥት እያዞሩ መፈልፈል ይቻላል፤ በደረቁ የመታ ሰው ገል ይዞ ይመለሳል። ሸክላ ካልተገኘ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱን ቆርጦ፣ ታቹን በጋለ ብረት አምስት ቦታ በስቶ መጠቀም ይበቃል። ጀሪካኑ ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ የቀትር ፀሐይ ሥሩን ስለሚያግለው ጎኑን በጆንያ መጠቅለል ወይም ኖራ መቀባት ይረዳል። የትኛውም ዕቃ ቢሆን በቀጥታ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ሁለት ወይም ሦስት ድንጋይ ከሥሩ ሲገባ ቀዳዳው ይተነፍሳል። ከሥሩ ውኃ እንዲያጠራቅም የሚቀመጥ ሰሃን ካለ ሰኔ ሲገባ ይነሣል።

ብዙ ሰው ውኃው እንዲወርድ ብሎ ከማሰሮው ታች ጠጠር ይደረድራል። ይህ ልማድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ ጢም ብሎ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል፣ ስለዚህ እርጥቡ አፈር ወደ ራሱ ይበልጥ ይቀርባል ማለት ነው። ቀዳዳው ላይ አንድ ገል ጎኑን አዙሮ ማስቀመጥ አፈሩ እንዳይፈስስ ይበቃል፤ ውኃ የሚያወርደው ነገር መደባለቅ ያለበት በአፈሩ ሁሉ ውስጥ ነው።

አፈሩን እኔ በቁና እሰፍራለሁ። ሁለት ቁና በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር፣ አንድ ቁና በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ ቁና ደግሞ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። በአሸዋው ፋንታ ለመንገድ ሥራ የሚውለው ቀይ አሽ ተፈጭቶ የሽምብራ መጠን ሲኖረው ከአሸዋም ይመረጣል፤ ቀላል ነው፣ አየርም ይይዛል። ከጣና ዳር የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ግን ደለል ስለሚበዛበት አፈሩን ያጣብቃል እንጂ አያላላውም፤ በእጅ ጨብጠው ሲለቁት የሚጠፈጠፍ ከሆነ ይተዉት። ፍጉ ያልበሰለ ከሆነ የተክሉን ራስ ያቃጥለዋል፣ መበስበስንም ይጋብዛል፤ ሽታው የበረት ሳይሆን የዝናብ አፈር ሽታ ሲሆን ያን ጊዜ ደርሷል።

ዋልካ አፈር ለጤፍ የተባረከ ቢሆንም ለማሰሮ አይሆንም፤ ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። በእንጅባራና በዙሪያው እንዳለው ያለ ኮምጣጣ ቀይ አፈር ከሆነ የሚጠቀሙት፣ ለአንድ ቁና አፈር አንድ ጭብጥ የእንጨት አመድ መጨመር ያለዝበዋል። ከዚያ በላይ አመድ ግን አፈሩን ያበላሸዋል።

አተካከሉ

አጠቃላዩ ልክ ራሱ ካለው ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ጥልቀት ነው። አማሪሊስ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ አንገቱና የራሱ ሲሶ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ማሰሮውም ሰፊ መሆን የለበትም፤ በራሱና በማሰሮው ከንፈር መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይበቃል። በሰፊ ማሰሮ የተተከለ አማሪሊስ ሥሩን ሲዘረጋና ልጅ ሲወልድ ይከርማል፤ ሲጠበው ያብባል። በየሦስት ዓመቱ አፈሩን መለወጥ እንጂ በየዓመቱ መንቀል ያስኮርፈዋል።

ግላዲዮለስ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይፈልጋል። አፉ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሰሮ ከአምስት እስከ ሰባት ራስ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ጠፍጣፋው የሥር ጠባሳ ወደ ታች፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። የአበባው ዘንግ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ድጋፍ የግድ ነው፤ ከአዊ የሚመጣ ቀጭን ቀርቀሃ ለዚህ እንደ ተፈጠረ ያህል ነው። ድጋፉን በተከሉበት ዕለት ያቁሙት፤ ኋላ ላይ የሚሰካ ቀርቀሃ የተክሉን ራስ ይወጋዋል።

ዳህሊያ ለማሰሮ አጭሩ ዓይነት ይመረጣል፣ ረጅሙ ዓይነት ከ20 ሊትር ያላነሰ ዕቃ ካላገኘ በነፋስ ይወድቃል። የዝናብ ሊሊ ደግሞ ትንሽ ራስ ስላለው በአምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አሥሩንም በአንድ ማሰሮ አጨናንቆ መትከል ነው ውበቱ።

ውኃ፣ ዕረፍትና የበዓላት ቀን

ውኃ ማጠጣት እንዳለብዎ የሚነግርዎ ጣትዎ ነው። ጠቋሚ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈር ውስጥ ገብቶ እርጥብ ካገኘ ውኃ አያስፈልግም። አዲስ የተተከለ ራስ ገና ሥር የለውም፣ መጠጣትም አይችልም፤ በተተከለበት ቀን አንድ ጊዜ በደንብ ጠጥቶ ቡቃያው ብቅ እስኪል ድረስ ማራስ ብቻ ይበቃዋል። ቅጠሉ ሲዘረጋ ውኃውም ይጨምራል፤ በየሁለት ሳምንቱም በውኃ የቀጠነ የኮምፖስት ጭማቂ ቢያገኝ ራሱ ይወፍራል።

ፍሬ ነገሩ ግን በበዓል ቀን አበባ ማግኘት ከተፈለገ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ግላዲዮለስ ከተተከለ ከ70 እስከ 100 ቀን ውስጥ ያብባል፤ 90 ቀንን መካከለኛ ብንይዝ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚደርሰው ሰኔ 6 ቀን የተተከለው ነው። ዘመነ ጽጌ መስከረም 26 ስለሚገባ፣ ለእሱ ደግሞ ሐምሌ 1 መትከል ነው። በደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ሁለት ሳምንት ማስቀደም ይገባል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመትከል በየአሥር ቀኑ ጥቂት ጥቂት መትከል አበባው እስከ ኅዳር 5፣ የጽጌ መውጫ ድረስ እንዳይቋረጥ ያደርገዋል። እነዚህ ቀኖች ዝናቡ የሚያይልባቸው በመሆናቸው ማሰሮዎቹ ቡቃያ እስኪያወጡ ድረስ ከጣሪያ ሥር ይቆዩ።

የአማሪሊስ ቀን አቆጣጠር ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይስማማል። ያረፈ ራስ ውኃ ከቀመሰ በኋላ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ውስጥ ያብባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት ያህል ማለት ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳር ያለ ሰው ጾሙ በገባ ሰኞ የመጀመሪያውን ውኃ ቢሰጠው ለፋሲካ አበባ ይደርስለታል። በደጋ ያለነው አበባው ስለሚዘገይብን ጾመ ነነዌ ሲገባ፣ ከፋሲካ 69 ቀን አስቀድመን እንጀምራለን። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 እየተዘዋወረ ስለሚውል ቀኑን ከመቁጠር ጾሙን መከተል አያሳስትም። ይህ እንዲሆን ግን ራሱ አስቀድሞ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ማረፍ አለበት። ኅዳር ሲገባ ውኃውን ማቆም፣ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ማንሣት፣ ማሰሮውንም ዝናብና ውርጭ በማያገኘው ቦታ በጎኑ ማጋደም ነው። በጎኑ ማጋደሙ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ከቤተሰቡ መካከል አንዱ አዝኖለት ውኃ እንዳያጠጣው ይከለክላል። እኔ ቤት ይህ ሁለት ጊዜ ደርሷል።

ዘንጉ ሲወጣ ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ ማሰሮውን በየሦስት ቀኑ ሩብ ዙር ማዞር ቀጥ እንዲል ያደርገዋል። ከአበባው በኋላ የሚመጣው ክረምት የቅጠል ጊዜ ነው፤ አማሪሊስ ለሚመጣው ፋሲካ ስንቅ የሚይዘው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው።

ከዘር ማሳደግ

ከዘር የሚያሳድግ ሰው ጊዜውን ይከፍላል። የሚያገኘው ግን ብዛትና ያልታሰበ ቀለም ነው፤ ከራስ የተከፈለ ልጅ እናቱን ቁርጥ ሲመስል፣ ከዘር የመጣው ግን የራሱን መልክ ይዞ ይመጣል። ከውጭ የሚመጣ ራስ ውድ በሆነበትና የተሸጠልዎት ነገር ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲያብብ ብቻ በሆነበት አገር፣ ዘር ለትዕግሥተኛ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ «ቀይ አማሪሊስ» ተብሎ የተሸጠልኝ ስድስት ራስ ሦስቱ ከውስጥ የደረቁ ነበሩ፤ የገዛ አበባዬ አንድ የዘር ፍሬ ከሰጠችኝ በኋላ ወደዚያ ሱቅ አልተመለስሁም።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ዳህሊያ ነው። ዘሩ ግንቦት ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲዘራ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበቅላል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥም ስለሚያብብ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያዩታል። አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍር መቀንጠስ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ያደርገዋል። በዚያው ክረምት ሥሩ ስለሚያብጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ የራስዎ የሥር ስብስብ ይኖርዎታል። ዘር ለመልቀም የአበባ ቅጠላቸው አንድ ረድፍ ብቻ የሆነውን አበቦች መምረጥ ይሻላል፤ ድርብርቡ አበባ ዘር ይነፍጋል።

አማሪሊስ ዘር እንዲቋጥር በእጅ ማገዝ ያስፈልጋል። አበባው ከተከፈተ ከሁለት ቀን በኋላ መካከል ያለው ረጅሙ ዘንግ ጫፉ ሦስት ቦታ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከሌላ አበባ የተወሰደውን ቢጫ ብናኝ በዶሮ ላባ ጫፍ መቀባት ነው። ከሳምንት በኋላ ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ እብጠት ካደገ ተሳክቷል። በአንድ ዘንግ ላይ ከአንድ ፍሬ በላይ ማስቀረት ራሱን ያደክማል፣ የቀሩትን ይቀንጥሱ። ፍሬው ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ቢጫ ሆኖ ሊሰነጠቅ ሲል ይቆረጣል። በውስጡ ባሉት ሦስት ክፍሎች የተደራረበው ዘር እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ዘሩን በብርሃን ላይ አንሥቶ መካከሉን መዳሰስ ይበጃል፤ ጉብ ያለ ነገር ያለው ሕያው ነው፣ ጠፍጣፋው ገለባ ነው።

ይህ ዘር መቆየት አይወድም፤ በተለቀመበት ሳምንት መዘራት አለበት። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ማልበስ ይቻላል፣ እኔ ግን በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ላይ ማንሳፈፉን እወዳለሁ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ነጭ ሥር ወደ ታች ይሰድዳል፤ ሥሩ የጥፍር ያህል ሲረዝም ወደ አፈር ይዛወራል። የበቀለው የትኛው እንደሆነ በዓይን ስለሚታይ ባዶ አፈር ከመጠበቅ ያድናል፤ ልጆችም ይህን ማየት ይወዳሉ። ችግኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዕረፍት አያስፈልጋቸውም፤ በጋውንም ጭምር ውኃ እያገኙ ቢያድጉ ቶሎ ይደርሳሉ። አበባ የሚሰጡት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው።

የግላዲዮለስ ዘር ቡናማና ክንፍ ያለው ስለሆነ ፍሬው ሲከፈት ነፋስ ይወስደዋል፤ ስንጥቁ ሲጀምር ይሰብስቡት። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሲበቅል ፍጹም ሣር ይመስላል፤ ጎበዝ የጤፍ አራሚ እንኳ ሳይጠራጠር ይነቅለዋል። ስለዚህ ዘሩ የተዘራበት ዕቃ አፈር ከአረም ዘር የጸዳ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የአተር ያህል ራስ ይሠራል፤ በሦስተኛው ዓመት ያብባል። ከዚህ የሚፈጥን መንገድም አለ፤ አሮጌው ራስ ሲነቀል በዙሪያው ተለጥፈው የሚገኙት ትናንሽ ፍሬ መሰል ልጆች ተለቅመው፣ ሽፋናቸው ጠንካራ ስለሆነ ሁለት ቀን በውኃ ተዘፍዝፈው፣ በአራት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲተከሉ አብዛኞቹ በሁለተኛው ዓመት ያብባሉ፤ እናታቸውንም ይመስላሉ። የዝናብ ሊሊ ዘር ወዲያው ከተዘራ በሁለተኛው ክረምት አበባ ያሳያል። የፍሪዥያ ዘር ደግሞ አንድ ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ይቆያል፤ በወር ገደማ ሲበቅል ወደ ብርሃን ይወጣል።

ማንኛውንም ዘር የሚጎዳው ቡቃያውን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚያጠወልገው ሻጋታ ነው። ሁለት ነገር ይከላከለዋል፦ ከመዝራት በፊት በአፈሩ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስና ማቀዝቀዝ፣ ከተዘራ በኋላ ደግሞ ውኃን ከላይ ከማፍሰስ ዕቃውን በሳፋ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ከታች እንዲጠጣ ማድረግ። ከላይ ማርጠብ ካስፈለገ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ ሃይላንድ ይበቃል።

ስለ አገራችን የዱር አበቦች

በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ በመጀመሪያው ዝናብ ከደረቅ መሬት ቅጠል ሳይቀድመው ብቅ የሚል፣ ኳስ የመሰለ ቀይ አበባ ያየ ሰው ብዙ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ስካዶክሰስ ሙልቲፍሎረስ ነው፤ በአንድ ዘንግ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ ትናንሽ አበቦች ይሰበሰባሉ። ሕዝቡ ይህንንም ሌሎች የዱር ራሶችንም በጅምላ የጅብ ሽንኩርት ይላቸዋል። ነጭ ሆኖ መካከሉ ወይን ጠጅ የሆነው፣ ሌሊት መዓዛው የሚያውደው ግላዲዮለስም የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ዛሬ የዚህ አበባ ራስ በአውሮፓ በየብርዱ ወራት መጨረሻ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል።

ከደኑ ራሱን ነቅሎ መውሰድ አይገባም፤ ዘሩን መልቀም ግን ደኑን አይጎዳም። የቀይ ኳሱ ፍሬ ሲቀላ ሥጋው በጣት ተጨምቆ ይወገዳል፣ ነጣ ያለው ዘር በአፈር ላይ በግማሹ ብቻ ተቀብሮ ወዲያው ይዘራል። ከደረቀ ይሞታል። ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ሥሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ራስ ስለሚሠራ፣ ለወራት ምንም ነገር ባይታይ ጭሮ ማየት አያስፈልግም። አበባው አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ እንዲያም ሆኖ በጎጃም በረንዳ ላይ ከማንኛውም የውጭ ራስ ይልቅ አየሩን የለመደ ተክል ይሆናል።

ማስቀመጥና መጠንቀቅ

ግላዲዮለስ ካበበ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ሲያረጅ ይነቀላል፤ በጥላ ሥር ሁለት ሳምንት ደርቆ፣ ከታች የተጣበቀው የአሮጌው ራስ ቅሪት ተገንጥሎ፣ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሰቀላል። በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ ራስ ያልበዋል፣ ከዚያም ይሻግታል። የዳህሊያ ሥር ግን በመረብ ከተሰቀለ ይጨማደዳል፤ እሱ በደረቅ ሰጋቱራ ወይም በአሸዋ ተሸፍኖ በካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ሲጫኑት የሚለሰልስ ወይም ሽታ ያለው ራስ ካለ ሌሎቹን ከማስያዙ በፊት ይጣላል። በበጋ የግላዲዮለስ ቅጠል ብርማ ነጠብጣብ ካሳየና እምቡጡ ሳይከፈት ከደረቀ ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ገብቶበታል፤ የተጎዳውን ቆርጦ ማቃጠልና ራሱን ከመትከል በፊት በሳሙና ውኃ ማጠብ ይረዳል።

አብዛኞቹ የአበባ ራሶች፣ በተለይ አማሪሊስና የጅብ ሽንኩርት፣ መርዛማ ናቸው። የሚያስከትሉት ማስታወክና የሆድ ሕመም ነው፤ በአፍሪካ አንዳንድ አገሮች የቀይ ኳሱ ራስ ለፍላጻ መርዝነት ይውል ነበር። ስለዚህ ከወጥ ሽንኩርት ጋር በአንድ ጓዳ አይቀመጡም፣ ፍየልና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይሰቀላሉ፣ ከነኩ በኋላም እጅ መታጠብ አለበት።

በመጨረሻ፣ በየማሰሮውና በየከረጢቱ ላይ ስምና ቀን ይጻፍ፤ ከቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በምስማር የተጫረ ጽሑፍ ከቀለም ይልቅ ይቆያል። የእኔ አንዱ ማሰሮ ምልክቱ በዝናብ ታጥቦ ጠፍቶ ነበርና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ነነዌ በገባ ቁጥር እያጠጣሁ አማሪሊስ ነው ብዬ የጠበቅሁት፣ ሲያብብ የጅብ ሽንኩርት ሆኖ ተገኘ።